ታዲዎስና የፋኑኤል ሙሾ

ታዲዎስን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው የእስክሪብቶውን ነገር ነው። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ይሠራል። ወንበር ሲገዛ ቁጥር ይለጥፍበታል፤ ሲያረጅ ቁጥሩን ነቅሎ ይሸኘዋል። አንድ ቀን እኔ ሱቅ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ደረት ኪሱ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን እስክሪብቶ አገኘና ፊቱ ልውጥ አለ። «ረስቼው ነው» አለኝ፣ እኔ ፖሊስ የሆንኩ ይመስል። በማግስቱ መልሶ ወሰደው። ሚስቱ ሰብሊ «እኔንም አንድ ቀን ቁጥር ይለጥፍብኛል» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች።

እኔ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታዲዎስ ከሥራ ሲመለስ ሳይገባ የማያልፈው ሱቄን ነው። ለዓመታት በቅንነቱ ሳደንቀው፣ እውነቱን ለመናገር ሳሾፍበትም ኖሬያለሁ። አሁን ስለሱ ሳወራ አንዳንዴ እናደዳለሁ፣ አንዳንዴ አንጀቴን ይበላኛል። ሁለቱም የሚገባው ስለሆነ አንዱን ትቼ አንዱን አላወራም።

ያደገው ካዛንቺስ ነው፤ ፋኑኤል ከሚባል ልጅ ጋር፣ አንድ ግቢ። ፋኑኤል አድጎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነበር ይላሉ። የእንጨት መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል፣ ይወጣል፣ ያበራል፣ «ስንት ነው?» ሲሉት «ሻይ ትጋብዙኛላችሁ» ብሎ ይሄዳል። ታዲዎስ ከጎኑ ከሆነ መሰላሉን ከሥር የሚይዘው እሱ ነው። «አደራ እንዳትለቀኝ» ይለዋል ፋኑኤል ከላይ። «ብለቅህ እናትህ ትገድለኛለች» ይላል ታዲዎስ ከታች። ልጅነታቸውም ጉርምስናቸውም እንዲህ አለፈ።

የፋኑኤል እናት እትዬ ሀብትነሽ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ሙሾ አውራጅ ሲባል ያገኙትን እያነሱ የሚያስለቅሱ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ ከሐዘንተኛው ጎን ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ሳይጨርስ እንደሄደ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ይነሳሉ። ሲነሱ የሚያወርዱት ግጥም ለዚያ ሰው እንጂ ለሌላ የማይሆን ነው። ለድካማቸው የሚቀበሉት ነገር የለም። አንድ ጊዜ ያወረዱትንም ሌላ ለቅሶ ላይ አይደግሙትም። «የአንዱን ከፈን ለሌላው አላለብስም» ይላሉ።

ፋኑኤል ጉበቱን ታሞ ብዙም ሳይተኛ ሞተ። ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ዘመድ ተሰብስቦ እናቲቱን «እርስዎ ዛሬ ሐዘንተኛ ነዎት፣ ሌላ ሰው ያውርድ» ቢላቸው «የልጄን ለማን ልስጥ?» ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እንዲህ አሉ፦

ለሰው ቤት መብራቱን ስታበራ ኖረህ፣
የኔን ቤት አጨለምክ ፊትህን አዙረህ።

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ታመሰ። ፋኑኤል መብራት ያልቀጠለለት ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም፤ ወንዱም ሴቱም ደረቱን መታ። በዚህ መካከል ታዲዎስ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ፣ ሰው እየገፋ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ሄደ። አንዲት ጎረቤት ልትከተለው ስትል ሌሎቹ ያዟት። «ተይው፣ ለብቻው ያልቅስ። ወንድሙ ነው የሞተበት» አሉ። ወሬው በኋላ ለእናቲቱም ደረሰ።

አሁን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ታዲዎስ ከተማሪነቱ ጀምሮ ዘፈን ግጥም ይጽፋል። ለዚህም ለዚያም ዘፋኝ ሲሰጥ ኖሯል፤ የተቀበለው አልነበረም። እኔም አንዳንዱን አንብቤያለሁ። ቁጥር የተለጠፈበት ወንበር ነው፤ አይሰበርም፣ ግን ማንም ደስ ብሎት አይቀመጥበትም። ይህን ፊት ለፊት ብዬው አላውቅም።

ፋኑኤል ከሞተ ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ ወሎ ሰፈር ስቱዲዮ ያለው መሓሪ የሚባል አቀናባሪ፣ ልዩ ለምትባል ጀማሪ ዘፋኝ አዝማች ቸገረው። «ያለህን ሁሉ አምጣ» አለው ታዲዎስን። ታዲዎስ ያለውን ሁሉ አነበበለት። መሓሪ ራሱን ነቀነቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሰዓቱን አየ። ታዲዎስ ሊነሳ ሲል ያቺን ሁለት መስመር አላት። መሓሪ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ናት» አለ ታዲዎስ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስንት ገንዘብ አገኘበት ብላችሁ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ነገሩ ገንዘብ አይደለም። ልዩ ፍቅረኛዋ ጥሏት እንደሄደ ሴት ሆና ዘፈነችው። ምቱ ቺክቺካ ነው። ሰርግ ቤት ትከሻ የሚያስመታ፣ መኪና ውስጥ ጣት የሚያስጮህ ዘፈን ወጣው። ቪዲዮው ላይ «ግጥም፦ ታዲዎስ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ይላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ኬክ ቆረሱለት። ንብረት ክፍል መኖሩን የማያውቀው ሥራ አስኪያጅ እንኳ ወርዶ ጨበጠው።

መጀመሪያ የሰማት ከወሎ ሰፈር ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ አዝማቹ ላይ ሲደርስ በሩን በመዳፉ እየመታ አብሮ ይዘፍናል፤ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ይቀበሉታል። ታዲዎስ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። በእግሩ ወደ ደምበል ሲሄድ አንድ የልብስ ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያንኑ ይጫወታል። መንገድ ተሻገረ። ማዶም ነበረች።

ያን ሰሞን ነው ሱቄ መጥቶ ጥያቄ የጀመረኝ። እኔ ነገሩን አላውቅም፤ ዘፈኑ በእውነት የሱ መስሎኝ ስኮራበት ነበር።

«ስማኝማ» አለኝ፤ «ሐሳብ ይሰረቃል?»

«የምን ሐሳብ?»

«ማለቴ… ወንበርህን ብወስድብህ መሬት ትቀመጣለህ። በቃ፣ ጎደለብህ። ቃል ብወስድብህ ግን ቃሉ አንተም አፍ ውስጥ አለ፣ እኔም አፍ ውስጥ አለ። ምን ጎደለ?»

አፌ መርፌ ነክሶ ስለነበር ብዙ አላሰብኩም። «ምንም» አልኩት። «ጎረቤት እሳት ቢጭር ምድጃ አይጎድልም።»

ደስ አለው። ለካ ያን ቀን ፍርድ ሰጥቼው ኖሯል። ቀጠል አድርጎ «አንተስ የሰው ሞዴል ትገለብጥ የለ?» አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልኩ በሆዴ፤ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተናደድኩ። እንደተናደድኩም አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነገርኩት። አታክልቲ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረኝ። አንዲት ሙሽራ ራሷ ያሰበችውን ቀሚስ አሰፋችው፤ እሱ ያንኑ ለሚዜዋ እህት ደግሞ ሰፋና ሁለቱ ሰርጉ ላይ ተገናኙ። ሙሽራይቱ በማግስቱ ቀሚሷን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት። ቀሚሱ ምንም አልሆነም፣ ክሩም አልተተረተረ።

«ታዲያ ምን ጎደለባት?» አለኝ ታዲዎስ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ከዚያ ካዛንቺስ እነ እትዬ ሀብትነሽ ያሉበት መንደር ለልማት ፈረሰ። ቤቱ ተለካ፣ ቆርቆሮው ተቆጠረ፣ ለሰዉም ምትክ ቤት ተሰጠው። ያ ድንኳን ውስጥ ደረቱን የመታ ሕዝብ አንዱ ገላን፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ሄዶ ተበተነ። ዘፈኑን የሰማ የድሮ ጎረቤት ቢኖር እንኳ «የት ነው የማውቃት?» ብሎ ሳያስታውስ ያልፋል፤ ለቅሶ ላይ የሰማውን ማን ይይዛል። እትዬ ሀብትነሽ ግን ከቤተ ክርስቲያን መራቅ አልፈልግም ብለው፣ ምትኩን ለሴት ልጃቸው ትተው፣ የሷን ልጅ ሩቲን ይዘው ቂርቆስ ቤት ተከራዩ። ቤቱን የፈለገላቸው ታዲዎስ ነው። ከሱ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ነው ያገኘላቸው። ለምን ሩቅ እንዳልፈለገ እግዜር ይወቅ።

ዕቃ ሲጭኑ የጭነት መኪናው ሞልቶ የፋኑኤል መሰላል ተረፈ። ሾፌሩ «ይቺ ትቅር፣ ማገዶ ናት» ሲል እናቲቱ መሬት ተቀመጡ። ታዲዎስ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከካዛንቺስ ቂርቆስ በእግሩ አመጣው። ሱቄ ፊት ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ሰው እያሾፈበት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ። ግቢው ውስጥ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነላቸውን ልጅም ለእናቱ አይሆንም። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ይሄዳል። ቅዳሜ አስቤዛ ይገዛል፣ ሲያማቸው ሐኪም ቤት ተሰልፎ ካርድ ያወጣል። ሰብሊ አንድ ቀን «እውነት ለገዛ እናትህ እንዲህ አልሆንክም» አለችው። እኔም ለሰው ሁሉ ምሳሌ አድርጌ አወራሁት። ሲመሰገን ግን ደስ አይለውም፤ ወሬውን ይቀይራል። ትሕትና መሰለኝ። እሳቸው ቤት ሆኖ መንገድ ላይ ዘፈኑ ከተሰማ ተነስቶ መስኮት እንደሚዘጋ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ የተነሳው በሩቲ ነው። ፋኑኤል ሲሞት ገና ልጅ ስለነበረች ጎረቤት ቤት አውለዋት፣ ድንኳን አልገባችም። አሁን አድጋ ኮሌጅ ገብታለች። ባለፈው ዓመት አያቷ በሙት ዓመቱ ቀን ግቢው ውስጥ ያቺን ሙሾ ሲሉ በስልኳ ቀርፃ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሥሩ የመጣው አስተያየት ሳቅ ብቻ ነው። «ማዘር የልዩን ዘፈን ወደ ለቅሶ ቀየሩት» ይላል አንዱ። «ኮፒ ፔስት» ይላል ሌላው። ሩቲ «የአያቴ ነው» ብላ ብትመልስ ባሰባቸው። ከዚያ የዘፈኑ ሰዎች ሪፖርት አደረጉና ቪዲዮው ተነሳ። የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ የሚል መልእክት መጣላት።

ሩቲ ነገሩን ስታጣራ ዘፈኑ ላይ የታዲዎስን ስም አገኘች። ለአያቷ ነገረቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሀብትነሽ ታዲዎስ ቤት መጡ። ሰብሊ ጓዳ ናት፤ ከጓዳ ሆና የሰማችውን እሷም ነግራኛለች፣ እሱም ነግሮኛል፤ አልተለያዩም። ቁርስ ቢቀርብላቸው አልበላም አሉ። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እንደ እንግዳ።

«ታዲ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድህ መጥቼ ነው።»

«እኔን? እማማ፣ እርስዎ ደግሞ እኔን ምን ያስፈቅዱኛል?»

«ሩቲ ነገረችኝ። ዘፈኑ ላይ ያለችው ግጥም ያንተ ናት አለችኝ። ስምህን አሳየችኝ።»

ታዲዎስ ያልተነካውን ቁርስ ወደሳቸው አስጠጋ።

«እኔ ለፋኑኤል ያወረድኳት መስላኝ ስኖር…» አሉ፣ የነጠላቸውን ጥለት እየጠቀለሉ። «አሁን ሳስበው ያን ቀን አእምሮዬ የት ነበር? አንተ ከልጅነትህ ትገጥማለህ። ምናልባት ለጓደኛህ ገጥመህለት፣ ከእናንተ ጨዋታ ሰምቼ ይዣት ኖሮ ይሆናል። እርጅናም አለ። ልጄ፣ ሰርቄህ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

ሰብሊ ጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ባሏ ምን እንደሚል ጆሮዋን ጣለች።

«ሰባተኛ ዓመቱ ደርሷል» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «ሌላ ላውጣለት ብል እምቢ አለኝ። ለሰው ልጅ ሁሉ ይመጣልኛል፣ ለሱ ግን ከዚያ ወዲህ አይመጣልኝም። ሩቲ የሰው ንብረት ነው፣ ያስከስሳል ትላለች። ለዚያች ቀን ብቻ ፍቀድልኝ።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። መሓሪ ፊት «የኔ ናት» ያለ ቀን ሰውየው ደክሞት ነበር፣ ዕድሜ ልኩን ሲገፋ የኖረ በር ተከፍቶለት ነበር፤ እሺ፣ ይሁን። ግጥም ይሰረቃል አይሰረቅም እያልን ከመሸ እስኪነጋ ልንከራከር እንችላለን። ያን እሑድ ግን የሆነው አያከራክርም።

«ግድ የለም፣ እማማ» አለ ታዲዎስ። «ይጠቀሙባት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸው ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። «ስምህ አይጥፋ» ብለው መረቁት። ያችን ምርቃት ቆሞ ተቀበለ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው ሰው አልሆነም። ምግብ አይበላም፤ ሰብሊ ምክንያቱን ብትጠይቀው አይመልስም። ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። አባ ሁሉን ሰምተው «የወሰድከውን መልስና ና» አሉት። ሌላ አላሉትም። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሱቄ መጣና ታሪኩን ከሥር መሠረቱ፣ አሁን ለእናንተ እንዳወራሁት አወራልኝ። መቀሴን አስቀምጬ ሰማሁት።

«እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለኝ። «ወንበር ቢሆን ተሸክሜ እሄድ ነበር። መሓሪን ለመንኩት፤ ስሜን አውጣና የሳቸውን አስገባ አልኩት። ‹ብቸኛው ባለቤት እኔ ነኝ ብለህ ፈርመሃል፤ አሁን ብትቀይረው ሁላችንንም ታስከስሰናለህ› አለኝ። ቢቀይረውስ? በቃ፣ ከተማው ሁሉ አፍ ውስጥ ገብታለች። ከማን አፍ ላውጣት?»

«ለሳቸው ንገራቸዋ።»

«ዓይናቸውን እያየሁ? አልችልም።»

«ይቅርታቸውን ስትቀበል ዓይናቸው የት ነበር?» አልኩት። ጮኼበትም ነበር መሰለኝ፣ መንገድ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየን። «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ዳኛም አይደለሁም። እኔ ጋ ያመጣኸው ቀለል እንዲልህ ነው። እሳቸው ግን እዚያ ቁጭ ብለው ልጄን የሸኘሁት በተሰረቀ ግጥም ነው እያሉ ነው። በገዛ ግጥማቸው አሳፈርካቸው እኮ።»

ያቺን አላሰባትም ነበር። ተነስቶ ሄደ። ደህና ዋልም አላለኝ።

የሰባተኛው ዓመት ዕለት ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዝክሩንም ቀምሶ ሰው ተረጋግቶ ተቀምጧል። ከገላንም ከቦሌ አራብሳም የመጡ የድሮ ጎረቤቶች አሉ። ታዲዎስ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲያመላልስ ውሎ ከወንዶቹ ጥግ፣ መሰላሉ ከቆመበት ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። እኔ ከእድሩ ሊቀ መንበር ከጋሽ ነጋሳ ጎን ነኝ።

እትዬ ሀብትነሽ ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሰው ሁሉ ለማልቀስ ራሱን ሲያዘጋጅ እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ከመጀመሬ በፊት» አሉ፣ «ይቺ የምላት ግጥም የኔ አይደለችም። የታዲዎስ ናት። እንዳለቅስባት ፈቅዶልኛል፤ እግዜር ይስጠው።»

ሰው ወደ ታዲዎስ ዞረ። ጋሽ ነጋሳ «ጎበዝ ልጅ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዲዎስ ግድግዳውን ለቆ ወደ መሐል መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኔ አይደለችም» አለ። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ያኔ ካዛንቺስ ድንኳኑ ውስጥ እርስዎ ነዎት ያወረዷት። እኔ ሰምቼ ወስጄ ለዘፋኝ ሰጠኋት። ሰርቄህ ከሆነ ብለው ሲመጡም ዝም አልኩ።»

ከቦሌ አራብሳ የመጡ አንዲት ሴት «እኔማ የት ነው የማውቃት እያልኩ…» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሩቲ ልትነሳ ስትል አያቷ በዓይናቸው አስቀመጧት። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነገር ነው።

«የኔ ናት?»

«የእርስዎ ናት።»

«እኔው ነኝ ያወረድኳት? ለልጄ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የሆነ ነገር ከትከሻቸው ሲወርድ ሁላችንም አየን። እኔም በቃ፣ ተገላገለ ብዬ ነበር። ግን ዓይናቸውን ሲገልጡ ሌላ ነገር እያሰቡ ነው።

«ታዲ፣ ያን ቀን ከድንኳኑ ወጥተህ ከቤቱ ጀርባ ሄደሃል።»

«አዎ።»

«ልታለቅስ ነው የሄድከው አይደል?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ማንም አላየውም። «አይደለም» አለ። «እንዳልረሳት… ስልኬ ላይ ልቀዳት ነው የወጣሁት።»

እትዬ ሀብትነሽ ወደሱ ቀረብ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቁጣም የለበትም።

«ሰው ሁሉ ‹ታዲዎስ ለብቻው ወጥቶ አለቀሰለት› ብሎኝ ነበር። ቤቱ ሲፈርስም፣ ሰዉ ሲበተንም፣ ልጄን አንድ ሰው ከልቡ አልቅሶለታል እያልኩ በዚያ ስጽናና ኖርኩ። ግጥሟን ውሰዳት፤ ሌላው ሁሉ ወስዷት የለም ወይ። ያለቀስክለትን ግን መልስልኝ።»

ታዲዎስ ባለበት ቆመ።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። «ሁለተኛዋን አልሰማትም፤ ወጥቶ ነበር» አሉና ያኔ ካዛንቺስ ከመጀመሪያዋ አስከትለው ያወረዷትን ሌላ ሁለት መስመር፣ ዘፈን ውስጥ ያልገባችውን፣ ማንም ያልጨፈረባትን ሙሾ አወረዱ። የመጀመሪያዋን ከላይ ጽፌያታለሁ፤ እሷን የማያውቅ የለም። ይቺኛዋንም ልጻፋት ብዬ በኋላ ጠይቄያቸው «ይቺ ትቅርልኝ» ስላሉኝ አልጽፋትም። ስለ መሰላሉ ናት።

ሰዉ አለቀሰ። ሩቲ ስልኳን አውጥታ ነበር፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ታዲዎስ እየተንገዳገደ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ መሰላሉን በሁለት እጁ ከሥር ያዘው፣ ላይ ሰው ያለበት ይመስል አጥብቆ ያዘው። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማነው። ጋሽ ነጋሳ ሊያነሱት ቢሄዱ መሰላሉን አልለቅም አላቸው። እትዬ ሀብትነሽ ዞረው አላዩትም፤ ሙሾውን ቀጠሉ።